ሞተሯ ጠፍቶ ስላልቀዘቀዘችው አሮጌ መኪናዬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና ይሁንልዎ እያልኩ፣ እኔም ከሙቀቱና ከወረፋው በቀር ደህና መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ። የምጽፈው ልወቅስዎት አይደለም፤ መውቀስም ጉልበት ይፈልጋል።

እናቴ ኩላሊቷን የምትታጠብ ሴት ናት። ከእጥበት ስትወጣ ሙቀት ካገኛት ራሷን ስለምትስት፣ ሐኪሟ ቀዝቀዝ ባለ መኪና እንድትመላለስ አዘዘ። የእኔዋ አሮጊት መኪና ኤሲ ደግሞ የሚሠራው የሰማዩን ኦዞን ይጎዳል ተብሎ በቀረው በድሮው ጋዝ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ወደ አዲሱ ጋዝ ያልተቀየረ ኤሲ እንደማያልፍ በበሩ ላይ ለጠፈ፤ ታዘዝኩ። ጠጋኙ አሮጌውን ጋዝ አወጣ፣ ቱቦውን አጠበ፣ ላስቲኮቹንና ዘይቱን ለወጠ፣ አዲሱን ሞላ። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከኋላ ወንበር ሹራብ ጠየቀችኝ። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ጥያቄ የለም።

ከዚያ ወደ እርስዎ መጣሁ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው፦

፩ኛ፦ መርማሪዎ ኤሲን የሚመረምረው ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ግንባር በመዳፉ እየዳበሰ በመሆኑ፣ ለዚህ ርኅራኄ እጅ እነሳለሁ።

፪ኛ፦ ጭስ እንዳያፍነን በአዳራሹ ውስጥ ሞተር ማስነሳት መከልከልዎ ለሳንባችን ማሰብዎን ያሳያል። የመኪና ኤሲ ሞተር ሳይነሳ እንደማይቀዘቅዝ ግን ማን ይንገርዎት? መርማሪዎ መዳፉን አሳረፈ፣ ሞቀው፣ «አልቀዘቀዘም» ብሎ ጣለኝ። ቀጥሎም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እኔስ አውቃለሁ፤ መመሪያው ነው የማያውቀው» አለኝ።

፫ኛ፦ ግቢው ውስጥ አስነስቼ ላሳየው ብለምን፣ ግቢው የሌላ ክፍል ነው ተባልኩ። የዚያ ክፍል ኃላፊም እርስዎ ነዎት። ከራስዎ ጋር ለመነጋገር ጊዜ እንደሚያጥርዎ እረዳለሁ።

፬ኛውን ማመስገን አቃተኝ። መኪናዋ ፈቃድ አጥታ ቆማለች። እናቴ ከእጥበት የምትመለሰው፣ ንፋስ ይመታናል እያሉ መስኮት በሚዘጉ ሰዎች መሀል ተጣብቃ በሚኒባስ ነው። ባለፈው እዚያው ራሷን ሳተች። ስትነቃ ምን አለችኝ መሰልዎ? «ልጄ፣ እኔንም እዚያ ሰውዬ ቢሮ ወስደህ አስመርምረኝ፤ ብወድቅ እንኳ ቀዝቃዛ ቦታ ልውደቅ።»

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ መርማሪዎ ከአዳራሹ ወደ ደጃፍ ይውጣ፣ ቁልፉን እኔ አዞራለሁ።

እጅ ነስቼ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ወረፋዬን ሳልለቅ፣
የቆመች መኪና ባለቤት፣ የደከመች እናት ልጅ

ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው ለአቤቱታ ቢሮዎ ስገባ መብራት ጠፍቶ፣ ክቡርነትዎ በእኔው ፋይል እያራገቡ ነበር። ግድግዳዎ ላይ ወዳለው ማቀዝቀዣ መዳፌን አስጠጋሁ፤ አልቀዘቀዘም። በመመሪያዎ መሠረት ወድቋልና በአስቸኳይ ያስነቅሉት።