ስም የሌላቸው አዝራሮች

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው የምዝገባ ጸሐፊው «አባት የለሽም? ይዘሽው ነይና ይሙላልሽ» ያለኝ ጊዜ ነው። አንተን ከቀበርን ሰባተኛ ወራችን ነበር።

ፋሲሎ ሰፈር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ፈላጊ የሚመዘግበው በኢንተርኔት ብቻ ሆኗል። ቤት ሆኜ ስሞክር፣ የስልኬን ገጽ የሚያነብልኝ ድምፅ ስሜንና ትምህርቴን እስክሞላ ድረስ ደኅና መራኝ። ማስረጃ የሚያያዝበት ቦታ ስደርስ ግን «ስም የሌለው አዝራር፣ ስም የሌለው አዝራር» ይለኝ ጀመር። ለሚያይ ሰው በምስል ይታወቃሉ፤ ዓይነ ስውሯ ልጅህ በምን ትለያቸው? አንዱን ደፍሬ ነካሁት፤ የሞላሁትን ሁሉ አጠፋው። አራት ጊዜ። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ልነግራቸው ሄድሁ፤ ያገኘሁት መልስ ያ ነው።

አንተ ሥዕል ዘለህ አታውቅም። ከፋብሪካ ገብተህ የትምህርት መጽሐፎቼን በድምፅህ ስትቀዳልኝ፣ ሥዕል ሲመጣ ቆም ብለህ ታስረዳኝ ነበር። ልብን «የተገመሰ ማንጎ ይመስላል» አልኸኝ፤ እኔም ፈተና ላይ ያንኑ ብዬ መምህሬን በሳቅ ገደልሁት። የልብን ክፍሎች ግን አንዱንም አልሳትሁም።

የባንኩንም አልረሳሁ። በተመረቅሁ ሳምንት ሒሳብ ልከፍት ስንሄድ፣ ዓይነ ስውር ያለ እማኝ አይፈርምም ስላሉን፣ እኔ የአውራ ጣቴን አሻራ ሳኖር አንተ እማኝ ሆነህ ፈረምህልኝ። ብዕሩን ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭነኸው ነበር።

ስለዚህ አሁን እማኝ አልፈለግሁም። እማዬ ልሙላልሽ ብትለኝ እምቢ አልሁና ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ስልኬን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲመዘገቡ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሁሉን አጠፉት! በማግሥቱ አዝራሮቹ ስም ነበራቸው፤ ምዝገባውም በሦስት ቀን ተራዘመ። ለካ የግማሽ ቀን ሥራ ኖሯል።

ቅጹን ራሴ ሞልቼ ላክሁ። ለፈተና ተጠርቻለሁ፤ አልፋለሁም። ቅጂዎችህን ወደ ስልኬ አዛውሬያቸዋለሁ፤ ማንጎው ላይ ስንደርስ እማዬም ትስቃለች። ያን ድምፅህን እስካለሁ አልረሳውም።

ከእንግዲህ ግን እኔ መሙላት የምችለውን ሌላ ሰው ይሙላልሽ መባልን አልቀበልም። በእኔ ፈንታ የሚፈርም እጅም አልቀበልም። አንተ እንኳ ብትመጣ፣ አባዬ፣ አጠገቤ ትቀመጥልኛለህ እንጂ አትፈርምልኝም።