የሀረገወይን ካርድ

ጥር 17

ሀረገወይን ደህና ዋለች። ጠዋት ገንፎ ቀመሰች፣ ግማሹን መለሰች። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር አለች። ሌላ ነገር የለም።

ይህን የማስጽፈው ሐኪሙ ስላናደደኝ ነው። «አባት፣ እብጠቱ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። እንቅርት ነዋ! ሳገባትም ነበራት። ኢሉባቦር ውስጥ እንቅርት ብርቅ ነው እንዴ? «አይ፣ መጠንከር የጀመረው መቼ ነው?» አለ። አርባ ዓመት ጎሬ ላይ መጋዝ ስስብ ያወረድኩትን ጣውላ ሁሉ በጭንቅላቴ የያዝኩ ሰው፣ የሚስቴ አንገት መቼ እንደጠነከረ አላውቅም። «ያለችበትን ሁኔታ በየጊዜው አስጽፉ» አለኝ። ይኸው።

የምትጽፈው ዓያንቱ ናት። የጓሯችንን ክፍል ከተከራየች ሦስት ዓመቷ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪ አልኳት። «ቶሌ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው።

ጥር 24

ውሃ ሲያንቃት አየሁ። ሁለት ጊዜ።

የካቲት 4

ከአንገቷ በመርፌ የቀዱት ነገር ውጤቱ መጣ። ክፉ ነው። ሐኪሙ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ተቆርጦ መውጣት አለበት። መቱ ላይ አይሠራም፣ ጅማ ነው። ቀጠሮ ይዤላችኋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ። ቀኑ ካርዱ ላይ ተጽፏል። እንዳያልፋችሁ አባት! ካለፈ ሌላ ወረፋ ነው፣ ወራት ነው» አለ።

አያልፈንም አልኩት። ማን መስዬው ነው?

ካርዶቹን የምይዘው እኔ ነኝ። በፌስታል ጠቅልዬ ጣሪያው ሥር፣ ማገሩ ላይ ሰክቼ። እንጨት ስንሰነጥቅ የየባለቤቱን ጣውላ የምንለየው ጠርዙን ቁርጥ አድርገን ነበር። ጥርስ እንለዋለን። ካርዶቹንም እንዲያ ነው የማውቃቸው። የጤና መድኑ ካርድ አንድ ጥርስ። የሐኪም ቤቱ ሁለት። ተሳስቼ አላውቅም። ለዚህ ለአዲሱ ደግሞ በየቅዳሜው አንድ ጥርስ አወጣለታለሁ። ስድስተኛው ጥርስ ሲወጣ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ ጅማ ነን።

ዓያንቱ «ጋሼ፣ ይስጡኝና ቀኑን ላንብበው፤ እዚሁ ደብተር ላይ ልጻፈው» አለች። «የሚስቴን ቀን ተከራይ አይጠብቅልኝም» አልኳት። ቅር አላት መሰለኝ... ይበላት። ይህንንም ጻፊው ብያለሁ።

የካቲት 9

ዛሬ ሳቅን። ይጻፍ።

ዓያንቱ «ካርድ ልሞላ ሱቅ ደርሼ መጣሁ» አለች፣ የስልክ። ሀረገወይን «የኔንም የሐኪም ቤቱን ሙይልኝ፣ አልቋል» አለቻት። ከዚያ ነገር ተነሳ። የተማሪው ውጤት ካርድ። የሕፃን ክትባት ካርድ። የሰርግ ጥሪ ካርድ። ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛው የሚመዘው ካርድ። ቁማሩም ካርድ። ይሄ ፈረንጅ ቃል አጥሮት ነው? አልኳት ዓያንቱን።

«በእነሱም ዘንድ ብዙ ነው ጋሼ። ድሮ ደግሞ ቀልደኛ ሰውን ራሱን ካርድ ይሉት ነበር» አለች።

ሀረገወይን ቀበል አድርጋ «እንዲያማ ከሆነ የኔው ባል አምባዬም ካርድ ነው። ግን ቢጫው ነው ቀዩ?» አለች። 

«ቀዩ ናቸው እትዬ!»

እኔ ደግሞ፣ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ከተሸከመ ቃል አይደለም፣ አህያ ነው አልኩ። እነሱ ቀልድ ይበሉት እንጂ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ካርድ የምትባለዋ ነገር ከእጅህ ከጠፋች የትም በር ላይ ሰው አይደለህም። የዱሮ ሰው በፊቱ ይታወቅ ነበር።

ሀረገወይን በአህያው ስትስቅ ትን አላት። ከንፈሯ ጠቆረ። ጀርባዋን መታኋት፣ ዓያንቱ ውሃ ይዛ ቆመች። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

የካቲት 20

ሦስተኛ ጥርስ። ድምጿ ሻከረ። ነቀምት ያለችው ልጃችን ኑኃሚን ስትደውል ሀረገወይን አነሳችላት። «ማን ልበል?» አለቻት። እናቷን!

የካቲት 27

አራተኛ ጥርስ። እንጀራውን በውሃ አርሳ ነው የምትውጠው። ነገ ቅበላ ነው፣ ሥጋው ለማን ይሆናል?

መጋቢት 7

ጎሬ ነበርኩ። የመጋዝ ጓደኛዬ ጅራታ ሞተ። እሱ ከላይ እኔ ከታች፣ አርባ ዓመት አንድ መጋዝ ስበናል። የሳበውን ሳልቆጥር አውቀው ነበር፣ እሱም እኔን። ዓርብ ተቀበረ። ሚስቱ ሻሽቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «መጋዙን ለማን ጥላችሁት?» አለች። ማክሰኞ ድረስ ቆየሁ፣ ከዚያ በፊት ብመጣ ምን ሰው እባላለሁ? ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ጣቶቼን አየሁ። ሁለቱ የሱ ናቸው፣ እሱ ነው ከግንድ ሥር ያወጣልኝ።

ጎረቤታችን ዘውደነሽ እየጠበቀቻት ሀረገወይን ደህና ቆየች። ክብደቷ ቀንሷል።

መጋቢት 11

አምስተኛ ጥርስ።

መጋቢት 18

ስድስተኛ። ረቡዕ እንነሳለን። ሀረገወይን ነጠላዋን አጠበች። ፀጉሯን ዓያንቱ ሠራቻት። «ሊያርዱኝ ነው ሊድሩኝ?» ትላለች። ፈርታለች። ግን ደስም ብሏታል፣ አያታለሁ።

መጋቢት 24

ጻፊ። ምንም እንዳትተዪ።

ጅማ ሐሙስ ጠዋት መስኮቱ ጋ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሀረገወይን ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ካርድ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ካርዱን አገላበጠ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ያለፈው ሐሙስ ነው» አለ።

«ስድስት ሳምንት ተብያለሁ። ቁጠረው፣ ስድስት ነው።»

«ምኑን ነው የምቆጥረው? ይሄን ያኘከው ማነው፣ አይጥ ነው?» ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ከዚያ ግን ልጁ ፊቴን አየና ተወው፣ ክፉ ልጅ አይደለም። ገብቶ ጠየቀልኝ። ቆይቶ መጣ። «አባባ፣ ባለፈው ሐሙስ ጠብቀዋት ነበር። ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቅርቡ ሐምሌ ስምንት ነው።»

ሀረገወይን ከሣሩ ላይ ቀና ብላ «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ሐኪሙ የለም። ቀኑን አዛውረውታል» አልኳት።

እንዲህ አልኩ። አፌ ቀደመኝ። የቋጠረችውን በሶ ፈታች። «እንግዲያ ብላ፣ መንገዱ ረጅም ነው።»

በደሌን እንዳለፍን ነው የገባኝ። የጅራታ ቅዳሜ። ካርዱ መቱ ቤቴ ማገር ላይ፣ እኔ ጎሬ ድንኳን ውስጥ። ያቺን ቅዳሜ ማን ይቁረጣት? መኪናው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። አልቀሰቀስኳትም።

ዓያንቱ እስከዚህ ጽፋ ለአፍታ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ላንብብልዎት ብዬ ነበር» አላለችም። ብትለው ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 14

የቀበሌ ሰዎች የምርጫ ካርድ ውሰዱ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ሀረገወይን «ካርድስ ጠግበናል» አለቻቸው፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ። አልሰሟትም፣ ደግማ ማለት አቃታት።

ዘውደነሽና ሴቶቹ ሊጠይቋት መጡ። «ያን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ ሐኪሙ የለም? ድሃ ስለሆንሽ ነው እኮ!» ሀረገወይን እጇን ዘረጋች። «የጅማውን ሐኪም የእናቱን አንገት እንዲህ አድርጎ ያሳየው» ብላ ረገመች። ሴቶቹ አሜን አሉ።

እኔም አሜን አልኩ።

ግንቦት 11

ተጋድማ መተኛት ቀረ። ትራስ ደርድረንላት ቁጭ ብላ ነው የምታንቀላፋው። ስትተነፍስ የደነዘ መጋዝ ይመስላል። እቆጥረዋለሁ።

ዓያንቱ ይህን ከመጻፏ በፊት ዛሬ አልጽፍም ብላ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን ይዤ የእትዬን ዓይን ማየት አቃተኝ። ይንገሯቸው።»

«አንቺ ደብተሩን አንብቢላት።»

«እኔ እጅዎ ልሁን እንጂ አፍ አልሆንልዎትም።»

የቤቴ ተከራይ! ውጪ ልላት ነበር። አልወጣልኝም... ልክ ናት።

ሰኔ 6

ነገርኳት።

ልነግራት አስቤ አይደለም። ስለ ሐምሌ ሳወራ «አልሄድም» አለች። «ደግሞ ቀን ሊያዛውሩብኝ? ሣር ላይ ሲያስቀምጡኝ ሊውሉ? እዚሁ ደጄ ላይ ልሙት።» ለመንኳት። ፊቷን አዞረች። እንግዲህ ምን ልበል? በኔ ውሸት ሁለተኛውን ቀን ልትገድለው ነው።

«እነሱ አላዛወሩትም» አልኳት። «ቀኑን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ጎሬ በነበርኩበት ቅዳሜ አልተቆረጠም። ማስነበብ እችል ነበር፣ ኮራሁ።»

ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«ጅራታን ስትቀብር እኔንም አብረህ ቀበርከኝ በለኛ።»

ዓይኔን ወደ ማገሩ አነሳሁ።

«ያቺ ልጅ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ጽፋዋለች።»

«ለዚህ ነዋ አንገቷን ደፍታ የምታልፈኝ! የቤቴ ተከራይ ታውቃለች፣ ደብተሩም ያውቃል። እኔ ሰውየውን ስረግም አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ አሜን ትላለህ።»

ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። «ካርዶቹን ወዲህ በል።»

ከማገሩ አውርጄ ሰጠኋት። መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻቸው። «ሐምሌ እሄዳለሁ» አለች። «ኑኃሚን ትመጣና ትወስደኛለች። አንተ ግን አትከተለኝ።»

ሐምሌ 6

ኑኃሚን መጣች፣ ሄዱ። ባጃጁ እስኪታጠፍ ደጅ ቆምኩ። ዞራ አላየችም።

ሐምሌ 12

ቅዳሜ ተመለሱ።

ቢላ አይነካውም ተባለ። የመተንፈሻዋን ቧንቧ አቅፎ ይዟል፣ ቢነኩት እዚያው ታልፋለች። በመጋቢት ቢሆንስ ብዬ ኑኃሚንን ጠየቅኳት። «አባዬ፣ እሱን አልጠየቅኳቸውም» አለች። ፊቴን እያየች ነው ያለችው። ጠይቃለች።

ሥቃይ ማስታገሻ ታዝዞላታል። ማዘዣውን ሀረገወይን ከመቀነቷ አውጥታ ለኑኃሚን ሰጠቻት። ኑኃሚን መንገዱ አድክሟት ቁጭ ባለችበት ዓይኗን እንቅልፍ እየከደነው ነበር። «ስጪኝ፣ እኔ ላምጣው» አልኳት። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሀረገወይን አየችን። አልከለከለችም።

መድኃኒት ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ጠርሙሱን ሲሰጡኝ አልወጣሁም። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምን እንደሚል አንብቡልኝ» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ አነበበችልኝ። በየስድስት ሰዓቱ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ደጅ ስወጣ ጥላ ይዞ የሚያልፍ የማላውቀውን ሰው አስቁሜ እሱንም አስነበብኩት። ያው ነው፣ ስድስት ሰዓት። ቤት ስገባ ዓያንቱ በር ላይ ነበረች፣ ለሷም ሰጠኋት። አነበበች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሻይ ማንኪያዋን ሞልቼ ወሰድኩላት። ጠብታ አላፈሰስኩም። ሀረገወይን ማንኪያዋን ከእጄ ተቀበለች። ቀስ ብላ ዋጠች።

ፊቴን አላየችም።