የአያቴ የታውኖ እጅ ለተመረመረበት የመኪና ምርመራ ጣቢያ

ለተከበሩ አቶ ሬይዮ ኬስኪማ፣
የከተማችን የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን ሳያምዎት፣ ጉልበትዎ ሳይከዳዎት፣ ከሁሉም በላይ እጅዎ ሳይንቀጠቀጥ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎት እመኛለሁ። የሰው ጤና ከእጁ እንደሚጀምር በቅርቡ ከእርስዎ ተምረናልና። እኔ የታውኖ የልጅ ልጅ ያሎ ነኝ። የጣቢያዎን የበር ደወል በፕላስተር የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ቢሆንም ይቅርታ።

ጉዳዩ በዕድሜ የምትበልጠኝን ሚኒቫናችንን ይመለከታል። አያቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንደራችንን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጭኖ ከተማ ወደሚገኘው የዳንስ አዳራሽ ይወስድባታል፤ አውቶቡሱ ከቀረ ወዲህ ሌላ የሚወስዳቸው የለም። ይህች መኪና አንዳንድ ቀን ፍጥነቷ በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር ሲገባ ፊቷ ይንዘፈዘፍና መሪዋ ጥርስ እስኪያንገጫግጭ ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ትላለች።

ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. መኪናችንን ሰቅለው፣ ጎማዎቿን ባላንስ አስደርገው፣ የፊት እግሯን በብረት ወዝውዘው፣ ፍሬኗን አይተው፣ ራስዎም ነድተዋት ምንም ስላላገኙባት እናመሰግናለን። በሁለተኛው ጊዜም እንደዚያው ምንም ስላላገኙ በእጥፍ እናመሰግናለን።

፪ኛ. መኪናዋ ላይ የጠፋውን በሽታ ሰው ላይ ስለፈለጉት እናመሰግናለን። እጅዎን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ ታውኖ፣ መኪናዎስ ደህና ናት። እስኪ እጅዎን ይዘርጉልኝ» አሉት። አያቴም ጥፍሩ እንደሚታይ ተማሪ ዘረጋ። ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት የማን እጅ ይጸናል? ከወረፋው አንዱ «ባላንስ የሚያስፈልገውስ ሾፌሩ ነው» ሲል ሳቁ ጣቢያውን ሞላው። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ «ሐኪም ቢያይዎት ጥሩ ነው» ብለው በትሕትና መከሩት። አያቴ «ይሁን» አለ። በእኛ አገር ይህ ረጅም ንግግር ነው።

፫ኛ. ቤታችንን ስላስተካከሉልን። አያቴ ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ሾፌርነቱን ለእኔ ለቀቀ። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ያነሳል፤ እኛም፣ መጀመሪያ እኔ፣ ስኒውን እናያለን፤ ማየታችንን ሲያይ ሳይጠጣ ያስቀምጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የታንጎው ዳንስ ሲጀመር ጎረቤታችን አውነ እንደ ልማዷ ፊቱ መጥታ ቆመች። እሱ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ «እግሬን አሞኛል» አላት። እግሩ ደህና ነው። እጁን እንዳትይዘው ነው።

አሁን ወደ በሽታዋ። ያን ቅዳሜ ስንሄድ የነዳሁት እኔ ነበርኩ። ቀን የቀለጠው በረዶ ሌሊት መልሶ ጠጥሮ ነበር። ዘጠና ስገባ መሪው እጄን ይዞ አራገፈኝ። እጄ የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ነው፤ ሥራ እንኳ ብዙም አልጎዳውም። አውነ ከኋላ «በል አንተም ሐኪም ጋ ትሄዳታለህ» አለች፤ አያቴ ብቻ አልሳቀም። አቆምኩና በንዴት የፊት ግራውን ጎማ በእርግጫ መታሁት። ከቸርኬው ውስጥ ዳቦ የሚያህል፣ አሸዋ የያዘ የበረዶ ግግር ዱብ አለ። ቀኙንም መታሁት፣ እሱም ጣለ። ለካ ጎማውን በአንድ ጎን እያከበደ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ግግር ኖሯል። ከዚያ እስከ ከተማ ድረስ መኪናዋ ጸጥ።

እርስዎ ለምን አላገኙትም? ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ቆሻሻ መኪና መርማሪ ፊት ማቅረብ ነውር ነው። አያቴ የምርመራው ዋዜማ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችንን፣ ሳውናውን፣ ያነድዳል፤ በፍል ውሃው መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ ራሱን ያጥባል። በሽታዋ ግቢያችን ውስጥ ቀልጦ ይቀራል፤ እናንተ ጋ የሚደርሰው ንጹሕ መኪናና ንጹሕ ሽማግሌ ነው። «ታጥባ ነው የመጣችው?» ብሎ መጠየቅ «እጅዎን ይዘርጉልኝ» ከማለት አይረዝምም ነበር።

ግግሩን ለአያቴ አሳየሁት። «ኬስኪማ በከንቱ አይናገርም» ብሎኝ ሄደ። በዓይኑ ካየው በረዶ ይልቅ የእርስዎን ቃል ያምናል። ስለዚህ ትንሽ ነገር እለምንዎታለሁ፦ ቅዳሜ ዳንስ አዳራሹ ድረስ ብቅ ይበሉና ሰው ሁሉ እያየ እጅዎን ይዘርጉለት። ይጨብጥዎታል። ሌላ ንግግር አያስፈልግም።

ጎማ እየረገጠ ከሚመረምረው፣ ወረፋው ሲስቅ ከአያቱ ጎን ቆሞ ጫማውን ያይ ከነበረው፣
ትሑት አገልጋይዎ
ያሎ ሃውታላ

ማሳሰቢያ፦ ነገ ለድጋሚ ምርመራ መኪናዋን አመጣታለሁ፤ ይህን ስጽፍ አያቴ ግቢ ውስጥ እያጠባት ነው፤ ተው ብዬው አልሰማኝም። ከሳውናው እስከ መኪናዋ ፍል ውሃ እስከ አፉ የሞላ ባልዲ በአንድ እጁ ይዞ ሄደ። ወጥቼ ዱካውን ተከትዬ በረዶው ላይ የፈሰሰ ጠብታ ፈለግሁ። አንድም የለም። መፈለጌ ግን አሳፈረኝ፤ ከእርስዎ የተማርኩት ስለሆነ ኀፍረቱን እኩል እንካፈል።