ጡንቻዬን ፈርተው የሸሹ ተማሪዎች

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ ለወይዘሮ አሰገደች፤ እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? አዝመራው እንዴት ሆነ? ላሟስ በሰላም ወለደች? እኔ ልጅሽ ፈለቀ፣ ከናፍቆትሽ በቀር፣ አምላክ ይመስገን ምንም አልጎደለብኝ። ከሳህ ወይ ብለሽ በእህቴ በሙሉእመቤት እጅ ላስጻፍሽው ጥያቄ መልሴ፣ ኧረ ምነው በከሳሁ ነው! ነገሩን ላጫውትሽ።

ዲላ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ሀጅራ የምትባል ባለሱቅ ትከሻዬን ከማየቷ፣ ና አንተ ኩሊ ብላ ጠርታ፣ አፌን ሳልከፍት አንድ ጆንያ ጨው ጫነችብኝ። መጋዘኗ ካደረስኩላት በኋላ አስተማሪ ነኝ ብላት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ውይ በሞትኩት ብላ ሻይ በዳቦ ጋበዘችኝ። እኔም ስቄ ተለየኋት። ደብረ ብርሃን ድንጋይ ሲፈልጥ የደነደነ ክንድ በምን ይደበቃል?

የተመደብኩበት ገጠር ዱመርሶ ስደርስ ግን ሳቁ ቀረ። ትምህርት ቤቱ በቀርከሃ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ሠላሳ ልጅ ካልተመዘገበ ይዘጋል ተብያለሁ፤ ከተዘጋ እኔም ወደ ድንጋዬ መመለሴ ነው። ልጅ ፍለጋ በየቤቱ ስዞር ሰው ሁሉ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እንሰቱ ውስጥ ይገባል፣ በር ይዘጋል። ባልቻ የሚባል ገበሬማ ልጁን ዘርትሁንን ከኋላው ሸጉጦ ልጅ የለኝም አለኝ፤ ቀሚሷ እየታየኝ! ለካ እዚህ ገበሬው የሰው መሬት የሚያርስ ጢሰኛ ነው፤ ባለርስቱ ደግሞ የቡናውን ሲሶ የሚያስከፍለው ጠብደል ጠብደሉን እየመረጠ በመላክ ነው። እኔንም ከነሱ አንዱ አድርገውኝ ኖሯል። አልዋሽሽም፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት በባልቻ ጓሮ ሳልፍ፣ እናቱ ከጎረቤት ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን ጣውላ ላይ ሰቅለው እንሰት ሲፍቁ አየሁ። አጥንታቸው የቀረ አሮጊት ናቸው፣ አንጀቴን በሉት። አንቺ ያሳደግሽው ልጅ ይህን ቆሞ ያያል? ሮጬ መፋቂያውን ተቀበልኩና እንደሳቸው ተቀምጬ፣ እግሬን ሰቅዬ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ተጫንኩት። እንሰቱ ተበጣጠሰ፣ ጣውላው ተንሸራቶ ወደቀ፣ የእንሰቱ ውኃ ፊቴ ላይ ተረጨ። ሴቶቹ ኡኡታቸውን ለቀቁት! እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ ድርሽ እንደማይል ማን ነግሮኝ? ጭናቸውን ገልጠው ስለሚሠሩ መቅረቡ ትልቅ ነውር ነው። ፊቴን ስጠርግ አይተው ግን ኡኡታው ሳቅ ሆነ። አሮጊቷማ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ።

በማግስቱ ገሪማ የሚባሉ ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሽማግሌው ለባልቻ በጌዴኦኛ የተናገሩትን መልሰው በአማርኛ ነገሩኝ። የባለርስቱ ሰው ቢሆን ሴት ስትስቅበት ዝም ይላል ወይ፣ ይኼ ጉልበት እንጂ ክፋት የለውም፣ እንሰት መፋቅም አያውቅ አሉና እንደገና ተሳቀብኝ። ባልቻ አንገቱን ደፋ። ሰኞ ጠዋት ዘርትሁንን እጇን ይዞ አመጣት። እሱን አይቶ ጎረቤቱ፣ ጎረቤቱን አይቶ ሌላው እያለ ኅዳር ሳይወጣ ሠላሳ አራት ሆኑልሽ!

ባለፈው ሐሙስ ተቆጣጣሪው ከዲላ መጣ። በር ላይ ቆሜ ብቀበለው ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝና፣ አንተ ዘበኛ፣ መምህሩን ጥራልኝ አለኝ። ይሄኔ ዘርትሁን ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ፣ ገና በምትለማመደው አማርኛ፣ መምህራችን እሱ ነው አለችው። የቀሩትም ተከትለዋት ተነሡ። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሠላሳ አራቱንም ቆጥሮ መዘገበ። እናቴ፣ ትምህርት ቤቱ አይዘጋም!

ሙሉእመቤትን ጽሕፈትሽ አምሯል በይልኝ። አጎቴ ወልደዮሐንስን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሹን በቀለንም ጉንጩን። ሠላሳ አራቱ ልጆቼም የመምህራችን እናት እንዴት ናቸው ብለውሻል።

ልጅሽ ፈለቀ
ዱመርሶ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1957 ዓ.ም.