በነጩ ጠርዝ ያፈርሽ ለት

ውድ ሰናይት፣

«ውድ» የሚለውን ልተወው ብዬ ነበር። እናትሽ እትዬ ዘቢደር «ተጣልቶም ቢሆን ሰላምታ አይነፈግም» ስላሉኝ ብቻ ጻፍኩት። ከዚህ በታች ያለው ግን የራሴ ነው፤ እሳቸው አላዩትም።

ትናንት ከአዲስ አበባ ደውለሽ «ፎርማውን በአውቶቡስ ላኪልኝ» አልሽኝ። የማር ማሸጊያ ሳህኖቻችንን የምናወጣበትን፣ ሁለታችን ተጨቃጭቀን የሳልነውን የአልሙኒየም ፎርማ ማለትሽ ነው። እንዴት ነሽ ሳትዪኝ፣ ማራችንን ስለምንገዛቸው ስለ አዴ ዲሪቤ አንድ ቃል ሳታነሺ፣ ፎርማውን ላኪ። ስልኩ የተዘጋብሽ ኔትወርክ ተቋርጦ አይደለም። ተናድጄ ነው የዘጋሁት።

ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። መቱ ላይ ያቺን የኪራይ ክፍል ይዘን ስንጀምር ሐሳቡ የአንቺ ነበር። የሁሩሙ የገተማ ዛፍ አበባ ማር ነጭ ነው፣ ሰው ንጣቱን እያየ ይግዛው፣ ሳህኑ እንደ መስታወት ጥርት ይበል አልሽ። ጥርት ያለ ሳህን ማውጣቱ አልከበደንም፤ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ፎርማው ላይ እንደፈለግነው ይቀመጣል። ያስለቀሰን ማሸጉ ነው። ስሱን ክዳን በጋለ ብረት ስንጫነው የሳህኑም ጠርዝ አብሮ እየለሰለሰ ይጣመማል፤ በአንድ ጎን ሲይዝ በሌላው ይከፈታል። መላውን ያገኘሽውም አንቺ ነሽ። ክዳኑ ከመምጣቱ በፊት ጠርዙን ብቻ ለይተን በጋለ ክፈፍ ብናበስለው ይጠነክራል አልሽ፣ ጠነከረም። ማር ሞልተን፣ አሽገን፣ ገልብጠን ብንወዘውዘው ጠብ አላለም። ጉድለቱ አንድ ነበር፤ የበሰለው ጠርዝ ጥርት ማለቱን ያጣና ወተት ይመስላል። ያኔ ስቀሽ «ነጭ ጥምጥም አሰርንለት» አልሽ። እናትሽም ሳህኑን አገላብጠው አዩና «ደግ አደረጋችሁ፤ ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል» አሉን።

ለአዲስ አበባው ባዛር ስትዘጋጂ እኔ ለአክስቴ ለቅሶ ቡሬ ነበርኩ። ስመለስ ሳህኖቹም የአዴ ዲሪቤ ማርም አንቺም ሄዳችኋል። ደውዬ «ጠርዙን አበሰልሽው?» ብዬ ስጠይቅሽ ምን እንዳልሽኝ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ተይው ሳምራ፣ ያ ነጭ ነገር ለዓይን አይስብም፤ የዳር አገር ሥራ ያስመስላል።»

የዳር አገር። የገዛ እጅሽን ሥራ ነው እንዲህ ያልሽው። ያደግሽበትን አገር ነው እንዲህ ያልሽው። ማሩ በደሌ ሳይደርስ ያንጠባጥብ ጀመር፤ ባዛሩ ላይ ግማሹ ክዳን ተላቆ ነበር አሉ። እሰየው።

ይህን ግን ይቅር እልሽ ነበር። መልክ ወደድሽ፣ ተሳሳትሽ፣ አለቀ። ይቅር የማልለው ከዚያ በኋላ የተናገርሽውን ነው። ገዢዎቹ ለምን ፈሰሰ ሲሉሽ «ማሩ ቀጥኗል፤ ገበሬዎቹ ውሃ ሳይጨምሩበት አይቀሩም» አልሽ።

እኔ የሰማሁት በሁሩሙ ገበያ፣ ከአዴ ዲሪቤ አጠገብ ቆሜ ነው። ዘወትር ማራቸውን የሚወስደው ነጋዴው ጌታሰው መጣ፣ ባልዲውን ከፈተ፣ መልሶ ከደነው።

«እናቴ፣ ዘንድሮስ ይቅርብኝ» አላቸው። «የእርስዎ ማር አዲስ አበባ ስሙ ጠፍቷል። ውሃ አለበት እየተባለ ነው።»

«ማን ነው ያለው?» አልኩት።

«ጓደኛሽ ሰናይት ናታ። ባዛሩ ላይ በጆሮዬ ነው የሰማኋት።»

ገበያተኛው ሁሉ ሰማ። አዴ ዲሪቤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሳምራ፣ ኢንተላ ኮ፣ አኒ ቢሻን ኢቲ ነቄ?» አሉኝ። ልጄ፣ እኔ ውሃ ጨመርኩበት ወይ?

«ኧረ በፍጹም፣ ጠርዙ ነው» አልኳቸው።

«ጠርዝ ደግሞ ምንድን ነው?»

በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስለ ፕላስቲክ ጠርዝ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጌታሰው ሳቀብኝ። የጓደኛዋን ጉድ ለመሸፈን የምትቀባጥር መሰልኩ። እሳቸው ባልዲያቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጡም። ጎረቤቶቻቸው እንኳ ማራቸውን ከእሳቸው ማር ጋር መጫን ትተዋል።

ሰናይት፣ ወላጆችሽ ከወሎ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ የመጀመሪያውን ዘር የሰጧቸው እኚህ ሴት ናቸው። እትዬ ዘቢደር ስንቴ ነግረውናል? እንዳንቺ ያለውን ሰው አገሩ በልቶ ካጅ ይለዋል። እኔም እላለሁ። ስምሽን ስጠራ አፌን ይመረኛል፤ ደግሞ ናፍቀሽኛል፣ እሱ የባሰ ያናድደኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሳህን ይደርስሻል። ማሩ ያው ጌታሰው የመለሰው ማር ነው፤ ጠርዙን ያበሰልኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩን ሆን ብዬ «ገልብጠህ ጫነው» ብዬዋለሁ። ጠብታ ካገኘሽበት ውሸታሟ እኔ ነኝ። ካላገኘሽበት ማን እንደሆነች አትጠይቂኝ።

ፎርማውን ግን አልላክሁም። አዴ ዲሪቤ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ከፈለግሽው ራስሽ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ፤ ስትመጪም በገበያ ቀን ነዪ፣ ስማቸው የጠፋው በገበያ ነውና። ፎርማውን ሳስረክባቸው አገላብጠው አዩና «ይሄ ደግሞ ለምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ሰናይት መጥታ ትነግርዎታለች» አልኳቸው።

«መቼ?» አሉኝ። ይህን የምትመልሺላቸው አንቺ ነሽ።

አሁንም ዳር አገር ያለሁት፣
ሳምራ
መቱ