መሪ ሳንቃውን የሠሩት የአቶ ለይኩን ዘለቀ የሕይወት ታሪክ
(1932 – 1982 ዓ.ም.)

አቶ ለይኩን ዘለቀ ከአባታቸው ከአቶ ዘለቀ አብተው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋረገጥ ወልደየስ ኅዳር 12 ቀን 1932 ዓ.ም. በአጋሮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሰላሌ ተነሥተው ወደ ቡናው አገር የመጡ ሲሆን፣ በአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ቆመው አምስት ልጆች አሳድገዋል። ለይኩን ሦስተኛው ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ እንዴት እንደተገጠመ ለማወቅ ብለው የጎረቤቱን በርጩማ በመጋዝ ለሁለት ከፍለውት ተገርፈዋል። እናታቸው ይህን ታሪክ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይነግሩ አላለፉም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአጋሮ አጠናቀው በ1947 ዓ.ም. ወደ ጅማ በመዛወር የአናጢነት ሙያ ተማሩ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በባሕር ኃይል የጀልባ ጥገና ክፍል ተቀጥረው ምጽዋ ወረዱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከጊቤ ወንዝ የሰፋ ውኃ አይተው አያውቁም ነበር።

በምጽዋ ሥራቸው ዕጩ መኮንኖች የሚወዳደሩባቸውን ትንንሽ ባለሸራ ጀልባዎች ማደስ ነበር። ስለ እነዚህ ጀልባዎች ሲጠየቁ ነገሩን ከሥሩ ያስረዱ ነበር። ሆዷ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነች ጀልባ ሰው አትጥልም፣ ግን ውኃውን እየጎተተች ትዘገያለች። ሆዷ ጠባብና ክብ የሆነች ትሮጣለች፣ ግን ጌታዋ ለአፍታ ከተዘናጋ ትገለበጥበታለች። ከኋላዋ ወደ ውኃው የሚወርደው መሪ ሳንቃ ደግሞ ፊቱ ክብ፣ ጀርባው የሳሳ፣ ውፍረቱም ወደ ፊት ያመዘነ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጀልባዋ ስትፈጥን ሳንቃው ያንጎራጉራል። አጭርና ሰፊ ሳንቃ ጠንካራ ነው፣ ግን ይጎትታል። ረጅምና ቀጭኑ ቶሎ ይታዘዛል፣ ግን የውኃው ጉልበት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፍበታል። ቤተሰቡ ይህን ትምህርት በእራት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሰማ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

በ1959 ዓ.ም. አባታቸው በማረፋቸው እናታቸውን ለመጦር ወደ ጅማ ተመለሱ። በአንድ የመንግሥት የሙያ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ መምህር ሆነው ተቀጠሩ፤ በኋላም የወርክሾፑ ኃላፊ ሆኑ። በ1960 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ፈለቀ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው በጅማው ጊንጆ ሰፈር ጎጆ ቀለሱ። ዓለምብርሃንን፣ የኔነሽን እና ሶረቲን አፈሩ። የመጨረሻዋን ስም ያወጡላት እናቷን ያዋለዱት ጎረቤት ናቸው፤ አቶ ለይኩንም ስሙን ሰምተው ሌላ አልፈልግም አሉ።

ባሕር የለመደ ሰው ቡና መካከል ሲቀመጥ ዝም አይልም። በ1972 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው የቦዬ ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ባለሸራ ጀልባ ለመሥራት ተነሡ። ችግሩ ሆዷን ክብ ለማድረግ ሳንቃውን ማጉበጥ ነበር። ምጽዋ ሳንቃ የሚቀቀልበት ትልቅ የእንፋሎት ሣጥን ነበረ፤ ጅማ ይህ የለም። መላውን ያገኙት ጎማ ወረዳ ውስጥ ከሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ከእሸት ቡና የሚላቀቀው ልጣጭ ተከምሮ ሲከርም ውስጡ እጅ የማያስገባ ትኩሳት ያበጃል። አቶ ለይኩን የዋንዛ ሳንቃቸውን በዚያ ክምር ውስጥ ለሦስት ቀን ቀበሩት፤ ሲወጣ እንደፈለጉ የሚጎብጥ ሆነ። የጣቢያው ዘበኛ የተሰረቀ እንጨት የሚደብቁ መስሎት አስይዟቸው ነበር። ያስለቀቋቸው የጣቢያው መካኒክ አቶ ሸኩር አብደላ ናቸው። ጓደኝነታቸው የጀመረው በዚያ ቀን ነው። አቶ ሸኩር ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ጀልባ መንዳትን በአንድ ክረምት ተምረው አስተማሪያቸውን በለጡ።

በ1974 ዓ.ም. መጨረሻ የክፍለ ሀገሩ የስፖርት ኮሚቴ ለሠራተኞች የጀልባ ውድድር የምትሆን አንዲት ጀልባ እንዲሠሩ አዘዛቸው። ውድድሩ ጥር 1975 በደብረ ዘይት ሐይቅ ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። አቶ ለይኩን ለማሸነፍ ፈለጉ። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም፤ እርሳቸውም አልሸሸጉትም። ሆዷን ከወትሮው አጠበቡ። ለቦዬ ደለልና ሣር የሚጠቀሙበትን አጭር መሪ ሳንቃ ትተው ረጅምና ቀጭን አሰቡ። ለዚህ የመረጡት የዋንዛ ሳንቃ ግን ትንሽ ጠምዘዝ ያለ ስለነበር፣ እንዲቃና ብለው ከጎን ሳንቃዎቹ ጋር በልጣጩ ክምር ውስጥ ቀበሩት።

በማግሥቱ ለቡና ለቀማ ዘመቻ ታዘዙ። ቀርቼ ሥራዬን ልጨርስ ማለት የማይቻልበት ጊዜ ነበር። ሊሙ ዘምተው ዐሥራ አንድ ቀን ቡና ለቅመው ሲመለሱ፣ ለሦስት ቀን የተቀበረው ሳንቃ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነበር። የጎን ሳንቃዎቹን ጥለው ሌላ ቆረጡ። ለመሪ የታሰበው ሳንቃ ግን እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ፣ መልኩም አምሮ ወጣ። የጅማ መርካቶው በርጩማ ሠሪ ኦቦ ጠሃ በጣታቸው ቋ ቋ አድርገው አዳመጡትና እንዲህ አሉ፤ «ለይኩን፣ ይሄ እንጨት በስሏል። ለማገዶ ስጠው ልጄ፣ ለውኃ አይሆንህም።» አቶ ለይኩን ኦቦ ጠሃን እንደ አባት ያከብሩ ነበር። ግን ውድድሩ ቀርቦ ነበር፤ ሳንቃውም ዓይናቸውን ማርኮት ነበር። ላጉት፣ ቀለም ቀቡት፣ ጀልባዋ ላይ ገጠሙት።

በውድድሩ ቀን ጀልባዋን የነዱት አቶ ሸኩር ናቸው። ከአምስቱ ጀልባዎች ፊት ሆነው ወደ መጨረሻው መዞሪያ ሲደርሱ ነፋሱ በረታ። አቶ ሸኩር እጀታውን ስበው ሊዞሩ ሲሉ መሪ ሳንቃው ከወገቡ ተቆረጠ። ጀልባዋም የሚመራት አጥታ፣ ባለሥልጣናት ተቀምጠው ከሚመለከቱባት ጀልባ ጋር በጎኗ ተላተመች። አንድ ባለሥልጣን ክንዳቸው ተሰበረ። ከሁሉ የከፋው ግን በኋላ የመጣው ነው። የአቶ ሸኩር ታላቅ ወንድም በ1970 አገር ጥለው ወጥተው ስለነበር፣ ነገሩ አደጋ መባሉ ቀርቶ አሻጥር ተባለ። አቶ ሸኩር ጅማ እንደደረሱ ታሰሩ። ያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ላይ ሲወድቅ ምን ያስከትል እንደነበር የዚህ ዘመን ሰው አስረዱኝ አይልም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐጂራ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ።

አቶ ለይኩን ከደብረ ዘይት ሲመለሱ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ወርክሾፕ ገቡ። መሪ ሳንቃው ከተቆረጠበት እንጨት የተረፈውን ቁራጭ ፈልገው አገኙና መዶሻ ሞከሩበት። ቤታቸው ሲገቡ ለወይዘሮ ሙሉእመቤት የነገሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሸኩር ንጹሕ ነው አሏቸው። ወይዘሮ ሙሉእመቤትም ሦስት ልጆች እንዳሏቸው አስታወሷቸው። አቶ ለይኩን አውቃለሁ አሉ። ሌሊቱን አንዳቸውም አልተኙም።

ከዐሥራ ስድስት ቀን በኋላ በመሥሪያ ቤቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ከአቶ ለይኩን የተፈለገው በአቶ ሸኩር ላይ ሂስ እንዲሰጡ ነበር፤ ምን እንደሚሉም አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው ቁራጩን እንጨት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በትንሽ መዶሻ አንድ ጊዜ ሲመቱት እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የማቀርበው ግለ ሂስ ነው። ይህን እንጨት ሦስት ቀን መቅበር ሲገባኝ ሁለት ሳምንት ቀብሬዋለሁ። አይሆንም ተብዬ ተመክሬ አልሰማሁም። ለማሸነፍ ብዬ አቅጥኜዋለሁ። ሸኩር የነዳው በትክክል ነው፤ ማንም ይዞት ቢሆን ይሰበር ነበር።» ሊቀመንበሩ ቃልዎን ያስተካክሉ ብለው ሁለት ጊዜ ዕድል ሰጧቸው። ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ደገሙ።

አቶ ሸኩር በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። በእርሳቸው ቦታ አቶ ለይኩን ገብተው አምስት ወር ታሰሩ። በእነዚያ ወራት ወይዘሮ ሙሉእመቤት እና ወይዘሮ ሐጂራ በተራ ስንቅ አመላለሱ። ወይዘሮ ሐጂራ አራስ ቤት ሆነው እንኳ ረቡዕና ዓርብን ለይተው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባም ጠይቀው፣ ቅቤ ያልነካው ወጥ በአዲስ ድስት እየሠሩ ይልኩ ነበር። ቤተሰቡ ይህን ድስት አይረሳም።

አቶ ለይኩን ሲፈቱ ከኃላፊነታቸው ተነሥተው የተሰበረ ወንበር ጠጋኝ ሆኑ። አላጉረመረሙም። በ1978 ዓ.ም. በገዛ ቤታቸው ግቢ እንደገና ጀልባ መሥራት ጀመሩ፤ አሁን ግን ሆዷን ሰፊ፣ መሪ ሳንቃውን አጭርና ወፍራም፣ ሣር ሲይዘውም ወደ ላይ የሚነሣ አደረጉት። ጓደኞቻቸው በዝግመቷ እየሳቁ የለይኩን በርጩማ አሏት። እሑድ እሑድ ቦዬ ላይ በሚደረገው ውድድር ሁሌም መጨረሻ ትወጣ ነበር፤ ማንንም ግን ጥላ አታውቅም። የመለኪያ ደብተራቸውን ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሲያውሱ የመጀመሪያውን ገጽ ሳታነቡ አትለፉ ይሉ ነበር። በዚያ ገጽ ላይ የተሰበረው ሳንቃ ቁመት፣ ውፍረት እና በክምሩ ውስጥ የቆየበት ቀን ተጽፏል። ከግርጌውም የኦቦ ጠሃ ምክር አለ።

አንድ ነገር ግን ያበሳጫቸው ነበር። የጅማ ሰው ይወዳቸው ስለነበር ነገሩን አሳምሮ ማውራት ጀመረ። ለይኩን ለጓደኛው ብሎ ዋሸ፤ የሌለበትን ጥፋት በራሱ ላይ ወሰደ ተባለ። ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም ይኸው ይወራ ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸውም ደስ እያለን ሰማን፤ እውነቱን ለመናገር፣ ጨምረንም አወራን። እርሳቸው በሰሙ ቁጥር ያርሙ ነበር። ሰው ግን እርማታቸውን እንደ ትሕትና ቆጥሮ ይበልጥ አመሰገናቸው።

በ1981 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጀመራቸው። በጅማና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ታኅሣሥ ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው መለሷቸው። አቶ ሸኩር በየሁለት ቀኑ ከጎማ እየመጡ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ይኸው ወሬ ተነሣ። አቶ ሸኩርም ሊያጽናኗቸው ብለው፣ ጋሼ ለይኩን ይተዉት፣ ሰው ስለ እርስዎ መልካም ቢያወራ ምን ይጎዳል አሏቸው። አቶ ለይኩን ተደግፈው ቀና አሉና እንዲህ መለሱ፤ «እኔ ዋሽቼ አዳንሁህ ካሉ፣ አንተ አጥፍተሃል ማለታቸው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እኔን እያመሰገኑ አንተን ሲከስሱህ ኖረዋል።» አቶ ሸኩር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያ ክፍል የነበርን ሁሉ፣ ይህን አቶ ሸኩር ሁልጊዜም ያውቁት እንደነበር ያን ጊዜ ገባን፤ አፈርንም። አቶ ለይኩን ልጃቸውን ዓለምብርሃንን ጠርተው፣ የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ ይህ ነገር እንዳይዘለል፣ እንዳይለሰልስም ብለው አዘዙ።

አቶ ለይኩን ዘለቀ የካቲት 7 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው በጊንጆ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉእመቤት ፈለቀን፣ ልጆቻቸውን ዓለምብርሃንን፣ የኔነሽን እና ሶረቲን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን እንዲሁም አንዲት እህታቸውን ትተው አልፈዋል።

እንግዲህ በታዘዝነው መሠረት፣ በዚህ መቃብር ፊት፣ የጅማና የአጋሮ፣ የጎማና የሊሙ ሰው በተሰበሰበበት እንናገራለን። መሪ ሳንቃው የተሰበረው በአቶ ለይኩን ስህተት ነው። አቶ ለይኩን ለማንም ብለው አልዋሹም። አቶ ሸኩር አብደላ፣ አሁን ከሬሳ ሣጥኑ በስተቀኝ የቆሙት፣ ያን ቀንም ዛሬም ንጹሕ ናቸው። እኛ ቤተሰቡ ያወራነውን ወሬ ዛሬ እዚህ ሐሰት ነው ብለን ሽረናል፤ ይቅርታም እንጠይቃቸዋለን።

በደሉን በሰው ፊት ያልሸሸገውን የአገልጋዩን ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረት ይቀበል። ለወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ለልጆቻቸው፣ ለአቶ ሸኩር እና ለወይዘሮ ሐጂራ መጽናናትን ይስጥ። አሜን።