የትርሲት የወንፈል ተራ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሟች ልጄ የትርሲት ሉቃስ የጥናት ክፍል ከሩዝ አጨዳ በፊት እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ንግሥቲ እንግዳው በፎገራ ወረዳ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። የምተዳደረው በሩዝ እርሻ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ጽሑፌ ቢያሰለችዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. ልጄ ትርሲት የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበረች። አንደኛ ዓመት ላይ እንግሊዝኛው ከብዷት ትምህርቱን ልትተው ደርሳ ነበር። በመኝታ ክፍሏ ሀዲያ ሳልህ የምትባል የወረታ ባለሱቅ ልጅ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ሒሳቡ አስጨንቋት ነበር። ልጄም ካደገችበት አገር የምታውቀውን ነገር አመጣችና ወንፈል እንግባ አለቻት። በእኛ ዘንድ ዛሬ ሁላችንም ያንዱን ማሳ እናርማለን፣ ነገ ደግሞ የሌላውን፤ መምጣት ያልቻለ ከቤቱ ሰው ይልካል እንጂ ተራው አይቀርም። እነሱም አንድ ቀን ሒሳብ፣ አንድ ቀን እንግሊዝኛ እየተማማሩ ሁለቱም አለፉ። ሌሎችም ገቡበት። በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ አንድ ክፍል ፈቀደላቸው፤ ልጄም አስተባባሪ ሆነች። ስለ ክፍሉ አሁንም አመሰግናለሁ።

2. ትርሲት በግንቦት ወር ልትጠይቀኝ መጥታ በወባ ታማ ዐረፈች። በዚህ ላይ ለጽሕፈት ቤትዎ የማቀርበው አቤቱታ የለኝም።

3. ጓደኞቿ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ሀዲያ ስታለቅስ ቆይታ፣ «እትዬ ንግሥቲ፣ ትርሲት እኮ እኛ ላይ ተራ አላት። አሁን ለማን እንመልስ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሞተ ሰው ወንፈል ለቤቱ እንደሚመለስ፣ ቤቱም ካልፈለገው ለሌላ ችግረኛ እንደሚያዞረው ነገርኳት። ያልኳት እንድትጽናና ነበር።

4. በነሐሴ፣ አረም ላይ ሳለን፣ ሀዲያ የጥናት ክፍሉን ልጆች ሁሉ አስከትላ ማሳዬ ላይ ደረሰች። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሩዝ ያዩት በሳህን ብቻ ነው። ሩዝና አረሙ ለጋ ሳሉ ስለሚመሳሰሉ፣ ልጆቹ ሩዙን እየነቀሉ አረሙን በጥንቃቄ ያልፉት ጀመር። ጎረቤቴ አቶ ይርጋለም ከዳር ሆነው፣ «ኧረ እናንተ ልጆች! ሩዙን ነቅላችሁ አረሙን ለማን ልታበሉት ነው?» ብለው ጮኹ። ሀዲያም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ተራ ሲደርስ ይናገራሉ፤ ዛሬ የትርሲት ነው» አለቻቸው። እስኪመሽ ሠሩ። ከግንቦት ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ይህ በአቤቱታ ውስጥ መግባት ያለበት መሆን አለመሆኑን አላውቅም።

5. የዓመቱ ትምህርት እስከ ክረምት ዘልቆ ስለነበር፣ በዚያ ቀን ከትምህርት በመቅረታቸው ለሁሉም ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። የጥናት ክፍሉም አስተባባሪ የለውም ተብሎ ተቆለፈ። ሀዲያ እኔ ልተካ ብትል፣ ነባሯ አስተባባሪ ራሷ ቀርባ ካላስረከበች አይቻልም ተባለች። ለዚሁ ጉዳይ እኔም ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። በመስኮቱ የነበሩት ሠራተኛ በአክብሮት አስተናግደውኝ፣ ትርሲት መቼ እንደሚመቻት ጠየቁኝ። እንደማይመቻት አስረድቻለሁ።

6. ክፍሉ ስለተዘጋ ልጆቹ የልጄን ተራ የሚመልሱበት ቦታ የእኔ ማሳ ብቻ ሆኗል። ሀዲያ ለኅዳር አጨዳ እንደሚመጡ ልካብኛለች፤ ማጭድም ከወረታ ገበያ ገዝተዋል አሉ። ፈተናቸው በዚያው ሳምንት ነው። አረም ላይ ቢሳሳቱ የሚጎዳው ሩዙ ነበር፤ ማጭድ ላይ ግን ጣታቸው ነው። ከዚህም ሌላ ዘንድሮ የገቡ፣ እንደ ልጄ እንግሊዝኛው የከበዳቸው ተማሪዎች ከተቆለፈው በር እንደሚመለሱ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ፣

ሀ. ወደ ማሳዬ ያመጣቸው የእኔ ቃል ስለሆነ ማስጠንቀቂያው እንዲነሣላቸው፤

ለ. ክፍሉ ተከፍቶ ለሀዲያ ሳልህ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። ርክክብ ግድ ከሆነ እኔ ቀርቤ አስረክባለሁ። የልጄ ተራ የቤቱ ነው፤ አባቷ ቀድሟት ስላረፈ ቤቱ አሁን እኔ ብቻ ነኝ። ተራዋንም ለአዲሶቹ ተማሪዎች አዙሬአለሁ።

ስለ ሩዙ የምጠይቀው ነገር የለም። የተነቀለበት ቦታ ባዶውን ነው፤ መልሼ አልተከልኩበትም። አጨዳውን ከጎረቤቶቼ ጋር እንወጣዋለን።

ክፍሉ የሚከፈትበት ቀን እንዲነገረኝ በትሕትና አሳስባለሁ። ትርሲት ተራዋን አስቀርታ ስለማታውቅ፣ በዚያ ቀን ከቤታችን ሰው መገኘት አለበት። ሒሳብ አልችልም። ሰሌዳ እጠርጋለሁ።

ለሥራዎ ብርታት እየተመኘሁ፣ ከሰላምታ ጋር

ንግሥቲ እንግዳው
ፊርማ ____________

ግልባጭ፦
ለሀዲያ ሳልህ
ወረታ